ሐተታው የማን ነው? (ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ክርክር፣ ከወደ ግሽ ዓባይ)

ወገኖች፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና ካፈላችሁ በኋላ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳንጣላ።

ዘርዐ ያዕቆብ ሲባል ንጉሡን ሳይሆን ፈላስፋውን ነው የማወራው። በኛ አገር ስለሱ ሲነሣ ሁለት ሰፈር አለ። አንደኛው ሰፈር «ከዴካርት በፊት የተፈላሰፈ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ፈረንጆች ሊሰርቁን ነው» ይላል። ሁለተኛው ሰፈር «ፎርጅድ ነው፣ ጣልያን የጻፈው ነው፣ በቃ ተዉት» ይላል። ሁለቱም ሰፈር ውስጥ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ፍልስፍና አልተማርኩም፣ ዲፕሎማዬም የታሪክ ነው። ነገር ግን ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው፦ ይህን ጽሑፍ ማን ጻፈው? መቼ? በምን እናውቃለን? ይሄ ደግሞ ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ መጽሐፉ ራሱ የሚለውን ልናገር።

ጸሐፊው ዘርዐ ያዕቆብ እባላለሁ፣ የአክሱም አካባቢ ተወላጅ ነኝ፣ የድኻ ገበሬ ልጅ ነኝ ይላል። ቅኔ ተማርኩ፣ ዜማ ተማርኩ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማርኩ፣ ከዚያ አክሱም ላይ ማስተማር ጀመርኩ ይላል። ዘመኑ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ አገሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። አንድ ሰው ንጉሡ ዘንድ ሄዶ «ይህ መምህር ሕዝቡን እያሳመፀ ነው» ብሎ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና የዳዊት መጽሐፉን ይዞ በሌሊት ወጣ። ተከዜ አጠገብ ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ብቻውን ተቀመጠ። ሱስንዮስ ሲሞት ወጥቶ እንፍራንዝ ሄደ። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየገለበጠና ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን አገባ። ሲያገባም አገልጋዬ ሳይሆን ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ሸምግሎ በ1667 ገደማ ሐተታውን ጻፈ። ተማሪው የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት ደግሞ የራሱን ሁለተኛ ሐተታ ጨመረ። የልጁ ከመምህሩ ይልቅ ወደ ኑሮ ያደላል፦ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር።

የዋሻው ጥያቄ ምን ነበር? ለመሆኑ ስጸልይ የሚሰማኝ አለ ወይ ነው የመጀመሪያው። ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው ይመጣል፦ የሮማው ሰው የኔ ሃይማኖት ብቻ ልክ ነው ይላል፣ የኛው ሰው የኔ ብቻ ነው ይላል፣ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ። ሁሉም ለራሱ የሚፈርድ ከሆነ ዳኛው ማን ነው? መልሱ፣ ፈጣሪ ለያንዳንዱ ሰው ልቡና ሰጥቷል፣ በሱ መርምሩ የሚል ነው። በዚያ መመዘኛ ምንኩስናን ይነቅፋል፣ የጾምን ሕግ ይነቅፋል፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን ይነቅፋል። የራሱንም ወገን የሌላውንም አይምርም። ይህን ሁሉ እያሰበ ግን ሰው መሀል እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ሆኖ ይኖር እንደነበረ አይደብቅም። ቢያወጣው ይገድሉታላ።

እንግዲህ ይሄ ዘመን ከኛ አካባቢ ጋር ዝምድና አለው። ሱስንዮስን ወደ ሮማ ሃይማኖት በመሳብ ትልቁን ድርሻ የያዘው እስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይሄው ፓኤዝ ነው በ1618 ከንጉሡ ጋር ሰከላ ድረስ መጥቶ ግሽ ዓባይን ያየውና የጻፈው፤ ጄምስ ብሩስ የመጣው በ1770 ነው፣ ከ150 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ነገሩን በጉልበት አደረገው፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ስለዚህ ልጆች «ቲቸር፣ የዓባይን ምንጭ ያየ የመጀመሪያው ፈረንጅ ማን ነው?» ሲሉኝ መልሱን ብቻ ነግሬ አላልፍም። ያ ሰው ምንጩን ሊያይ ብቻ አልመጣም። ይዞት የመጣው ነገር ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድን የአክሱም መምህር ዋሻ አስገባ፤ ወይም ሐተታው እንደዚያ ይለናል።

«ወይም» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ።

ይህ ጽሑፍ ለዓለም የታወቀው በአንድ ሰው እጅ ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን መነኩሴ በ1846 ከማሳያ ጋር መጣ። ቤጌምድር ቤተልሔም አካባቢ ተቀምጦ ግእዝ ተማረ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ ብራናም ሰበሰበ። የሚሰበስበው ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ነው። በ1852 እና በ1853 በጻፋቸው ደብዳቤዎች እንዲህ ያለ አስገራሚ መጽሐፍ አገኘሁ ብሎ ነገረው፣ ላከለትም። ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በዳባዲ ስብስብ ቁጥር 234 እና ቁጥር 215 ተብለው የተቀመጡት እነዚያ ናቸው። 234 የመምህሩን ሐተታ ብቻ የያዘ ነው፣ ጁስቶ ራሱ የገለበጠው። 215 ሁለቱንም ሐተታ ይዟል። ጁስቶ በ1855 ከአገር ተባረረ፣ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ዝም። በ1904 ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ጽሑፉን አሳተሙት፣ ተረጎሙት፣ አደነቁት። የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነጻ አሳቢ ተገኘ ተባለ።

በ1920 ጣልያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጣና «ጸሐፊው ጁስቶ ራሱ ነው» አለ። ማስረጃው ምን ነበር? አንደኛ፣ አባ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ቄስ ጁስቶ ሃይማኖትን የሚጎዳ ነገር ይጽፍ እንደነበር የተናገሩት ምስክርነት። ሁለተኛ፣ ጁስቶ ለዳባዲ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ራሱ በሃይማኖቱ የተጠራጠረ ሰው ሆኖ መታየቱ፤ ሐሳቡም ከሐተታው ሐሳብ ጋር መመሳሰሉ። ሦስተኛ፣ ስሙ። ጁስቶ የምንኩስና ስሙ ነው፤ ሲወለድ የወጣለት ስም ጃኮፖ ነው። ጃኮፖ ማለት ያዕቆብ ነው። በ1934 ደግሞ የበርሊኑ ፕሮፌሰር ኦይገን ሚትቮህ ራሱን ችሎ መርምሮ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደረሰ። አስቀድሞ ያሳተመው ሊትማንም ሐሳቡን ቀየረ።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው ደሙ የሚፈላው። ኮንቲ ሮሲኒ ማን ነው? የኤርትራ ቅኝ ግዛት ባለሥልጣን የነበረ ሰው ነው። በ1935፣ ሙሶሊኒ ሊወርረን ሲዘጋጅ፣ ኢትዮጵያ ሥልጣኔ ልታመጣ የማትችል አገር ናት የሚል ጽሑፍ ጻፈ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ኖሯል ብሎ ሊቀበል ነው? አይቀበልም።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም ረጋ እንበል። ጠላትህ «ቤትህ እየተቃጠለ ነው» ቢልህ ጠላቴ ስለሆነ ውሸት ነው ብለህ ትቀመጣለህ? ዞር ብለህ ጭስ መኖሩን ታያለህ እንጂ። የተናጋሪው ክፋት የተናገረውን ነገር ውሸት አያደርገውም። ደግሞም ሚትቮህ አለ። ሚትቮህ አይሁዳዊ ነው፤ ናዚዎች ከወንበሩ አባርረውት ለንደን ላይ በስደት የሞተ ሰው ነው። የሱን ሐሳብ በዘረኝነት ብቻ ማጣጣል አይቻልም። የኮንቲ ሮሲኒ ንቀት አንድ ነገር ይነግረናል፦ ማስረጃውን ደግመን በራሳችን ዓይን እንድናይ። ከዚያ አልፎ መልስ አይሆነንም።

ያን ያደረጉት ሰዎች አሉ። ክሎድ ሰምነር ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ናቸው፤ በ1950ዎቹ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖሩ። ከ1974 እስከ 1982 ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ አሳተሙ። ሁለቱን ሐተታዎች ከጁስቶ ጽሑፎች ጋር ሐሳቡን፣ አጻጻፉን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅሰውን እየቆጠሩ አነጻጸሩ፤ ጸሐፊው ጁስቶ ሊሆን አይችልም አሉ። ከሳቸው ጋር የቆሙ የኛ ሊቃውንት አሉ፦ ዓለማየሁ ሞገስና አምሳሉ አክሊሉ። የዓለማየሁ ሞገስ ክርክር ለኔ ጠንካራው ነው። ጁስቶ ራሱ ወደ ግእዝ የተረጎመው ሌላ መጽሐፍ አለ። እሱ ላይ ግእዙ ይንገዳገዳል፣ የፈረንጅ ግእዝ ነው። የሐተታው ግእዝ ግን የተማረ ሰው ግእዝ ነው። አገሩ ከገባ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ያንን እንዴት ጻፈው?

መልስ አላቸው ደግሞ። «ጁስቶ ብቻውን አልነበረም፤ አብረውት የሚሠሩ ደብተሮች ነበሩት። እሱ ሐሳቡን ሰጥቶ እነሱ ግእዙን ቢያቃኑለትስ?» በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናኢስ ዊዮን ደብዳቤዎቹንና ብራናዎቹን እንደገና መርምራ የጁስቶን ደራሲነት አጠናክራ ጻፈች። ከያዘቻቸው ነጥቦች ለመመለስ የሚከብደው ቀላሉ ነው፦ ሁለቱም ጥንታውያን ቅጂዎች የመጡት በአንድ ሰው እጅ ነው። ተጽፎ 180 ዓመት የቆየ መጽሐፍ ከሆነ ሌላው ቅጂ የታለ?

ሦስተኛ መንገድም አለ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ይጠራጠሩ ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው፣ መሠረቱ የእውነተኛ ኢትዮጵያዊ ጽሑፍ ነው፣ ጁስቶ ግን የራሱን ነገር አስገብቶበታል ወደሚል ሄዱ። ሊትማን ከ«እውነት ነው» ወደ «ፎርጅድ ነው» ሄደ። ጌታቸው ከጥርጣሬ ወደ «በከፊል እውነት ነው» ሄዱ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ማንም ከሐዲ አላላቸውም። ይሄ ነው ምርምር።

አሁንስ ምን ላይ ነው? ነገሩ ከመቼውም በላይ ሞቋል። በ2017 ኖርዌያዊው ዳግ ሄርብዮርንስሩድ «አፍሪካዊው የብርሃን ዘመን» በሚል ሐሳብ ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ጻፈና ዓለምን አዳረሰው። በ2022 ሊያ ካንቶርና ጆናታን ኤጊድ ኦክስፎርድ ላይ በዚሁ መጽሐፍ ዙሪያ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዘጋጁ። በ2023 ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር ሁለቱን ሐተታ አዲስ አድርገው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አሳተሙ። በ2024 ካንቶር፣ ኤጊድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፋሲል መርዓዊ የሁለቱንም ወገን ክርክር በአንድ ጥራዝ አወጡ። ፋሲል ኢትዮጵያዊ ነው፣ ግን ጽሑፉ የ17ኛው መቶ ዘመን ነው የሚለውን አይቀበልም። ቤልቸር አሜሪካዊት ናት፣ ግን የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ትላለች። አያችሁ? ሰፈሩ በዘር አልተከፈለም። ፌስቡክ ላይ ብቻ ነው «የኛ» እና «የነሱ» የሆነው።

እኔ ይህን ጉዳይ ይዤ የቅኔ መምህር የሆኑ አንድ የኔታ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የግእዙን ቅጂ አንብቤ አልጨርስም፣ ግእዜ ደካማ ነው፤ እሳቸው ግን ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያነቡ ዋሉ። ስለ ሐሳቡ አልወደዱትም፤ ጾምን የሚነቅፍ ሰው እንዴት ይወደድላቸው። ስለ ግእዙ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ይኸ ሰው ዳዊት የደገመ ሰው ነው። ዳዊቱን ሲጠቅስ "እንዲህ ተብሎ ተጽፏል" እያለ አይደለም፤ ሳይታወቀው ከአፉ ይወጣል።» ደስ አለኝ። «ታዲያ የሀገሬው ሰው ነዋ የጻፈው የኔታ?» ብላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ዳዊት ያልደገመ ደብተራ የት አለና? ይኸ የመምህሩንም ልክ ያደርገዋል፣ የፈረንጁን ደብተራም ልክ ያደርገዋል።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ሰፈር እኩል አስቀመጡልኝ። ወገንም አልያዙ። ማስረጃው ምን ያህል እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም አዩና እዚያ ላይ ቆሙ። እኔ ይህን ነው ፍልስፍና የምለው። የኔታ የፍልስፍና መጽሐፍ አላነበቡም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ሲፈትሹ ኖረዋል። ጎንጅና ዋሸራ ያፈሩት ሰው ሁሉ ይህን ይችላል። ሰሙን ገልጦ ወርቁን መፈለግ ከልጅነት ጀምሮ የተማሩት ሥራ ነው።

ስለዚህ ሰምታችሁኝ ከሆነ የምለው ይሄን ነው። ክብራችንን በአንድ ብራና ላይ አንስቀለው። ዛሬ አንድ ሰው ፓሪስ ላይ ቀለሙን በመሣሪያ መርምሮ «የ19ኛው መቶ ዘመን ነው» ቢል፣ ነገ ጠዋት ማሰብ የማንችል ሕዝብ ልንሆን ነው? በ1500ዎቹ መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የፈላስፎች መጽሐፍ አለ። የትርጓሜ ቤት አለ፣ የቅኔ ቤት አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሳን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ወጥቶ ያንኑ ወግ የሚመረምር ሰው እንደሚኖር ስለሚያውቁ ነው። እኛም ስናነበው «እንዲህ ያለ ሰውማ የለም» አላልንም። እያንዳንዳችን መንደር ውስጥ አንድ እብድ የሚባል ጉዱ ካሳ አለ።

በተቃራኒው ደግሞ ሐተታው ከልብ የኛ ቢሆንና እኛ «ፎርጅድ ነው» ብለን ብንጥለውስ? ያ ደግሞ ሌላ ኪሳራ ነው፣ በሕይወቱ ተደብቆ የኖረውን ሰው ከሞተም በኋላ መቅበር ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም ሰፈር ቸኩሏል የምለው።

ቁርጡን ለማወቅ ምን ያስፈልጋል? ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ብራና ነው። ከጁስቶ በፊት የተጻፈ አንድ ቅጠል፣ አንድ ቅጠል ብቻ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቢወጣ የመቶ ዓመቱ ክርክር በአንድ ቀን መልኩን ይቀይራል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ነው። ያልተነሣው ግን ስንት አድባራትና ገዳማት ውስጥ አለ። ሰው የመጽሐፉን ጀርባ ሳያይ ለቱሪስት ይሸጣል። ብራና ይሸጣል ሲባል የሰማችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ለደብሩ አለቃ ተናገሩ፤ ቢያንስ ቢያንስ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። አርእስት የሌለው፣ መሀሉ ላይ የተሰፋ፣ ማንም ልብ ያላለው ጥራዝ ሊሆን ይችላል የሚፈለገው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የጻፈ ሰው ስሙን በቀይ ቀለም አያወጣውም።

ሁለተኛው ሰው ነው። ግእዙን እንደ የኔታ የሚያነብ፣ ደብዳቤውን እንደ ፈረንሳዮቹ የሚያነብ፣ ሁለቱንም በአንድ ራስ የያዘ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ከኛ ተማሪዎች መምጣት ነበረበት። ግን ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአካባቢያችን ትምህርት እንዴት እንደተቆራረጠ፣ ስንት ልጅ ከክፍል ቀርቶ እንዳልተመለሰ እናንተ ወላጆች ናችሁ የምታውቁት። የቆሎ ተማሪውም ቢሆን መንገዱ አስፈርቶት ከመምህር ወደ መምህር እንደ ድሮው አይሄድም። የኔታ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ጎጆዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው «የሚቆጥር ቅኔ አለኝ፣ የሚቀበለኝ ግን እያነሰ ነው» አሉኝ።

እና ሲገርመኝ ይኖራል። ኦክስፎርድ ላይ ጉባኤ ይደረጋል፣ ጀርመን ላይ መጽሐፍ ይታተማል፣ ግእዙን ከነለዛው የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እዚህ ሰከላና ጎንጅ ቁጭ ብለው ማንም አይጠይቃቸውም። ጥፋቱ የፈረንጅ አይደለም፤ እነሱማ ያቅማቸውን እየሠሩ ነው። መካከል ላይ የሚቆም ሰው ነው የጠፋው።

የግሽ ዓባይን ስም አመጣጥ ልጆቻችሁ ያውቁታል? ሽማግሌዎቻችን እንደሚተርኩት አቡነ ዘርዐ ብሩክ ንጉሥ ሊያስራቸው ሲልክባቸው መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ከእስር ተፈትተው ሲመለሱ «ግሺ ዓባይ» አሉ፤ ውኃውም መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ገድል ነው፤ እኔ እንደ ታሪክ ማስረጃ አላቀርበውም። ግን ትረካው ስለኛ አንድ ነገር ይናገራል፦ የዚህ አገር ሰው ቅዱሱን ሲያስብ ከወርቁ በፊት መጻሕፍቱ ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሕዝብ «መጽሐፉ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከስድብ የተሻለ መልስ አያጣም።

ክፍል ውስጥ ምን አደርጋለሁ ላላችሁኝ መምህራን፣ እኔ ያሰብኩት ይሄን ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የ11ኛ ክፍል ልጆችን ለሁለት እከፍላለሁ። አንዱ ቡድን «ዘርዐ ያዕቆብ ጻፈው» ብሎ ይከራከራል፣ ሌላው «ጁስቶ ጻፈው» ብሎ። ማስረጃቸውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። በማግስቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ትናንት ያፈረሰውን ዛሬ እንዲገነባ አደርገዋለሁ። ማን አሸነፈ ብዬ ነጥብ አልሰጥም፤ ነጥብ የምሰጠው የሌላውን ወገን ክርክር ሳያዛባ መልሶ ለተናገረ ልጅ ነው። በዚህ ዘመን፣ ሁሉም «እውነቱ የኔ ብቻ ነው» በሚልበት አገር፣ ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን እንደማስተምረው አላውቅም። ያ የዋሻው ሰው ማንም ይሁን ማን የጠየቀውም ይሄንኑ ነው፦ ሁሉም ለራሱ ሲፈርድ ዳኛው ማን ነው?

ቅኔ ቤት ያላችሁ፣ ግእዝ የምታውቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚህ ጉዳይ የምትሠሩ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ያስተካከላችሁኝን በደስታ አስተካክላለሁ። በሁለቱም ወገን ተከራከሩ፣ ችግር የለም። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ የኔታም ልጆቼም ያነቡታል።

መልካም ሳምንት።